ጽጌ እስኪያልቅ

መካነ ኢየሱስ፣ ጥቅምት 1993 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

አገር ሁሉ «የኔታ» ይልዎታል፤ እኔም ከሰው ለምጄ እንደዚያው ስልዎ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ለአባቴ ነው። እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደኅና ነን ብልዎ ውሸት ይሆንብኛል። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ደብረ ታቦር ወስጃት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ቤት ወስደሽ አስታሚያት» አለኝ። አሁን እኔው ዘንድ ናት።

እስካሁን ያልነገርኩዎ እሷ ከልክላኝ ነው። «የጽጌ ማኅሌት ነው፤ እሱን ጥለው እንዴት ይመጣሉ? ተማሪዎቹስ? ጽጌ እስኪያልቅ እቆያለሁ፤ ያኔ ትጠሪያቸዋለሽ» ትለኛለች። ሴትዮዋ እኮ ሞቷን ለእርስዎ ሥራ እንዲመች ልታቆየው ነው የምትታገለው።

ድጓውን መውደድዎን ጠልቼ አይደለም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስንቅ ይዘን እርስዎ ወደሚያስተምሩበት ወደ ቤተ ልሔም ስንመጣ ከጉባኤው ጀርባ ቁጭ ብለን ድምፅዎን እንሰማ ነበር። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። «ግቢና ሰላም በያቸው» ስላት «ተማሪ ፊታቸው ተቀምጧል፤ ዜማ አይቋረጥም» ብላ ስንቁን ለሰው ሰጥታ ይዛኝ ትመለሳለች። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ እኛን ያሳደገችው እሷ ናት። እርስዎ የተማሪዎን ሁሉ ስም ከነአገሩ ያውቃሉ፤ ባለፈው ፋሲካ ግን የልጄን ስም ጠየቁኝ። ሩት ትባላለች። ስሙን ያወጡላትም እርስዎ ነበሩ።

ይኼ ሁሉ ይሁን። የወንድሜ የእሱባለው ቀብር ግን ከሆዴ አልወጣም። ሬሳው ጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳለ ተማሪዎ ዜማ ሳተ፤ እርስዎም መቋሚያዎን አንስተው «መልስ» አሉት። የሳተ ዜማ እንደማይታለፍ አውቃለሁ፤ ሥርዓታችሁ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው ሲጀምር እኛ አፈር ጨብጠን ጠበቅን። ለቀስተኛው «የኔታ ምን ያሉ ጽኑ ናቸው» እያለ ተመለሰ። እናቴም ያን ለት ለቀስተኛውን ስታስተናግድ አመሸች። ሰሞኑን ግን ሕመሙ ሲጠናባት «ለልጄ አንድ እንባ ቢወርድላቸው ምን ነበረበት» አለችኝ።

እንግዲህ ጽጌን አይጠብቁ። እሷ እቆያለሁ ብትልም ዓይኗ ሌላ ነው የሚነግረኝ። ጉባኤውን መሪጌታ ይበልጣል ይያዝልዎ፤ ያስተማሩት እርስዎ አይደሉ? በመጀመሪያው መኪና ይምጡ። ሲመጡም አያዚሙላት፤ እጇን ይዘው ዝም ብለው አጠገቧ ይቀመጡላት። ሌላ የምትፈልገው የለም።

ምናልባት ሳይደርሱላት ካረፈች ደግሞ አንድ ነገር ልለምንዎ። በቀብሯ ለት ተማሪው ዜማ ቢስት፣ አባቴ፣ ይለፉት።

ልጅዎ ካሣነሽ