በር ላይ የተመለሰ ስንቅ

ረገንስዶርፍ፣ ዙሪክ አጠገብ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለእናቴም ምትክ፣ ለእትዬ ሐረገወይን
ላንሲ

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዮኒን «እናትህ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «እሷን ማን ያዛታል፣ አክስቴ!» አለኝ። ልጅሽ ስልክ ያነሳልኛል፤ አንቺ ግን ዝም ካልሽኝ ስምንት ወር ሞላ። ስለዚህ በእጄ ልጻፍ አልኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጅ ነውና ፊደሉን አትታዘቢኝ።

እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ፋሲካን ብቻዬን ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያንስ ሄጃለሁ፣ ሰውም ሞልቶ ነበር፤ ግን ይሄን ዩኒፎርም ከለበስኩ ወዲህ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ግማሹ «እስቲ ለእህቴ ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ አናግሪልኝ» ይለኛል፤ ግማሹ ደግሞ እኔ ስቀርብ ወሬውን ቆርጦ ስለ ዝናብ ያወራል። ከገበሬ በሬ ገዝተው ቅርጫ ሲከፋፈሉ እንኳን እኔን ዘለሉኝ። «ፖሊስ ባለችበት!» ተብሎ ነው አሉ። ሥጋው ደረሰኝ ያለው ሕጋዊ ሆኖ ሳለ! እኔ የጦር ሰፈር ሲቪል ፖሊስ ነኝ፤ በር ላይ መታወቂያ አያለሁ፣ አጥሩን እዞራለሁ፣ ያላግባብ የቆመ መኪና አስነሳለሁ፣ ማንንም ከአገር አላስወጣም ብል ማን ይስማኝ?

እዚያ ጦር ሰፈሩ ውስጥም ያው ነው። ለወታደሮቹ ሲቪል ነኝ፣ ለሲቪሉ ወታደር። ምሳ ሰዓት ላይ እነሱ በየቡድናቸው ይቀመጣሉ፣ እኔ መስኮቱ ሥር። ባልደረባዬ ሉካስ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን በቀን አሥር ቃል ይበቃዋል። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። አንዳንዴ ለጥበቃ ውሾቹ በአማርኛ አወራላቸዋለሁ፤ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ይሰሙኛል፣ ተመስገን።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ በሩ መጣች። በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው ምሳ ዕቃ ይዛለች። ደረቴ ላይ ስሜን አነበበችና ፊቷ በራ።

«ሕብስት? ውይ ያገሬ ልጅ! ጌታ መንገዴን አቀናው! ትርፍነሽ እባላለሁ፣ ከሽዋመንዲንገን ነው የመጣሁት። ልጄ ነህምያ እዚህ ለውትድርና ሥልጠና ገብቶ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። አጥሚት ነው፣ በትኩሱ አድርሺልኝ።»

«ከውጭ የመጣ ምግብ አይገባም፣ እህቴ።»

«ኧረ ፖሊሷ! አጥሚት ይፈነዳል እንዴ?»

ሳቄ መጣ። «ደንብ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«ከፈራሽ ፊትሽ ልቅመስልሽ! ብትፈልጊ አንቺም ቅመሽ፤ ከስተሻል ደግሞ።»

እትዬ፣ በአማርኛ «ከስተሻል» ያለኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ! ላቆያት ፈልጌ ነበር። ግን መኪና ተሰልፏል፣ ሉካስም ሰዓቱን ያያል። ቸኮልኩና «በቃ ስንቅሽን ይዘሽ ተመለሺ፤ ከእንግዲህም አታምጪ» አልኳት።

እንዲሁ ነው ያልኩት። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም።

ፊቷ አመድ መሰለ። «ምን ሆኖብኝ ነው?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ የያዘችውን መሬት አስቀምጣ አጥሩን በሁለት እጇ ያዘችና ጮኸች፦ «ልጄን ምን አደረጋችሁት? አሳዪኝ! እናቴም የአባቴን ሞት በዚችው ቃል ነው የሰማችው!»

ሉካስ ሮጦ መጣ። «ምን አልሻት?»

«ምግቡን ይዘሽ ተመለሺ አልኳት።»

«ታዲያ ደንቡ እሱ አይደል?» አለኝ ግራ ገብቶት።

ምን ብዬ ላስረዳው? ያኔ ልጆች ሳለን በእኛ አገር የእስር ቤት ዘበኛ ሞቷል አይልም፣ ስንቅ አታምጪ ነው የሚለው፤ ቤተሰቡም እሱን ሰምቶ፣ ማልቀስም ተከልክሎ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል ልበለው? የእኔ ጀርመንኛ እዚያ ድረስ አይሄድም። ቢሄድስ?

ሕክምና ክፍሉ ደወልኩ። ልጁ በስፖርት ልብስ አፍንጫውን እየጠረገ ወጣ። «ማሚ፣ ምንድነው? ሁሉ ሰው እያየኝ ነው እኮ!» ይላል በተሰባበረ አማርኛው። እሷ መች ሰማችው! ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ክንዱን ትዳስሳለች፤ እንደ ዕውር። አጥሚቱን ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠጣው። ደንቡ ስለ ውጭ የሚለው ነገር የለም። ሉካስም ፊቱን ወደ መኪኖቹ አዙሮ ቆመ።

እኔ ጥበቃ ክፍሉ ገብቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ጦር ሰፈር በር ላይ ነው የምቆመው» ስልሽ አንዲት ቃል ሳትተነፍሺ ስልኩን የዘጋሽው ለዚህ ነዋ! እኔ ሞኟ ደግሞ መልሼ ደውዬ «ቀናሽብኝ!» የሚል መልእክት ተውኩልሽ። ያን ቃል ከጆሮሽ የማወጣበት ብልሃት ቢኖረኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ይቅር በይኝ።

ግን እሱ ብቻ አይደለም። አባባ ሲታሰር እኔ የአራት ዓመት፣ አንቺ የአሥራ አራት ነበርሽ። እማዬ ታማ ስለተኛች ስንቁን የምታመላልሺው አንቺ ነበርሽ፤ ይሄን ሁሌም አውቃለሁ። የሆነ ሰሞን ላይ ግን እኔንም ማስከተል ጀመርሽ። ከእስር ቤቱ ማዶ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠሽኝ ምሳ ዕቃውን ትከፍቺልኝ ነበር። ምንቸት አብሽ! «አባባ ጠግቤአለሁ፣ ለሕብስቴ አብሊልኝ ብሎኝ ነው» እያልሽ ታጎርሺኛለሽ። ከዚያ ባዶውን ምሳ ዕቃ ለእማዬ ትሰጫታለሽ። እሷም አገላብጣ ታየውና «ተመስገን፣ ዛሬም በላልኝ» ትላለች።

ስንት ቀን ነው እንዲህ ያደረግሽው? ሳምንት? ወር?

እኔ እነዚያን ቀናት እንደ ድግስ ነበር የማስታውሳቸው፣ እትዬ። ከልጅነቴ ደስ የሚለኝ ቀን የቱ ነው ብባል የምናገረው እሱን ነበር። አባባ ያኔ እንደሌለ፣ አንቺ ይሄን ለእማዬ ደብቀሽ ብቻሽን እንደተሸከምሽው የገባኝ ባለፈው ረቡዕ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመቴ!

ሥራውን አልተውም፤ አልዋሽሽም። የሙከራ ጊዜዬ አልቆ ቋሚውን ውል ፈርሜአለሁ። ብቻ አሁን እናት በሩ ላይ ስትመጣ መጀመሪያ ስልክ ደውዬ አጣርቼ «ልጅሽ ደህና ነው» እላታለሁ፤ ደንቡን ከዚያ በኋላ። ሉካስ «ስለ ጤናው ማን ጠየቀሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ።

የፊታችን እሑድ እመጣለሁ። በጠዋቱ ባቡር ከዙሪክ ተነስቼ ከቀትር በፊት ላንሲ ፖን ሩዥ ጣቢያ እወርዳለሁ። ላስጨንቅሽ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ነው፦ እኔን ስታበይ አንቺ ምን ትበዪ ነበር?

በሩን መክፈት ካቃተሽ ዝም በይ። ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ብቸኝነት ለምጃለሁ፣ አይከብደኝም። ብቻ ከውስጥ ሆነሽ «ተመለሺ» አትበዪኝ።

ያጎረሰችኝ እጅሽ አትድከም። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዮኒን ያሳድግልሽ፣ እኔንም ለዓይንሽ ያብቃኝ።

ታናሽሽ
ሕብስት