አባቴ በተከራየነው ክፍል እንዲያርፍ

ለወረዳችን ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት
ካትማንዱ

ቀን፦ ማግ ወር 14 ቀን 2081 (በኔፓል አቆጣጠር)

ጉዳዩ፦ አከራያችን በሞት አፋፍ ላይ ያለውን አባቴን ከተከራየነው ክፍል እንዳያስወጡት ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀመንበር፣

እኔ አመልካች ሎክናት ዱንጋና በወረዳዎ ውስጥ በወይዘሮ ናኒሾቫ ታምራካር ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቼ፣ ከባለቤቴ ከጋንጋና ከአባቴ ከአቶ ቱላራም ጋር የምኖር የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ባለፈው ሳምንት በቃል ላመለክት መጥቼ ሠራተኛዎ «በጽሑፍ አቅርብ» ስላሉኝ ይኸው ጽፌያለሁ። የመኪና መሪ እንጂ ብዕር የለመድኩ ሰው ስላልሆንኩ ከሥርዓት ብወጣ ይቅርታዎ አይለየኝ።

1. የአባቴ ኩላሊት ሥራውን አቁሟል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤቱ ይረፍ፤ ጨው ግን እንዳይቀምስ» ብለው አሰናበቱን። እሱ አልጫውን እያየ እኛ አጣፍጠን መብላቱ ስላስጠላን ሁላችንም ጨው ተውን። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

2. ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የአከራያችን ምራት ልብስ ልታሰጣ ወደ ሰገነት ስትወጣ ባለቤቴ «ነይ ምስር ቅመሺ» ብላ ጠራቻት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ጎርሳ «ጋንጋ እህቴ፣ ጨው የለውም እኮ» አለችና ሳህኑን አስቀምጣ ወረደች። እኔም ብርዱ ሲጠናብኝ የባለቤቴን ነጭ ሻል ተከናንቤ ስገባና ስወጣ ሰንብቻለሁ። አባቴም ከተኛ ወዲህ በመስኮት አይታይም። እንግዲህ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ያለ ጨው የሚበላና ነጭ የሚለብስ ሰው ያለበት ቤት ምን ቤት ነው? ምራታቸው ይህን ስትነግራቸው አከራያችን አባታችን ሞቶ ሬሳውን ሸሽገን በድብቅ ሐዘን የተቀመጥን መሰላቸው።

3. ወይዘሮ ናኒሾቫ ቤቱን ከሞት ርኩሰት እንዲያነጻ ወርቅ የነከሩበትን ውሃ በገንቦ ይዘው ወጡ። በሩንም፣ ወለሉንም፣ አልጋውንም ይረጩ ጀመር። «በቤቴ ሬሳ ደብቃችሁ ሐዘን ትቀመጣላችሁ? ምን በደልኳችሁ?» እያሉ ነበር። ውሃው ፊቱ ላይ ሲያርፍ አባቴ ዓይኑን ገለጠና «እቴ፣ ገና አልሞትኩም። ትንሽ ታገሺኝ» አላቸው። እሳቸውም ክው ብለው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እንባቸውን ከጠረጉ በኋላ ግን እስከዚህ ሳምንት ቅዳሜ እንድናወጣው ነገሩኝ።

4. የሰው ስም ማጥፋት አልፈልግም። ወይዘሮ ናኒሾቫ ክፉ ሴት አይደሉም፤ አባቴ ሲያቃስት ከሰሙ ትኩስ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። የአምልኮ ክፍላቸው ከእኛ በላይ ነው፤ ባዕድ ከሥሩ ቢሞት ቤቱ ይረክሳል ብለው ከልባቸው ይፈራሉ። ጎረቤታቸው ቤት ተከራይ ሞቶ ክፍሉን የሚጠይቅ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ባዶውን ከርሟል፤ እሳቸው ደግሞ የሚኖሩት በኪራዩ ነው። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ሲገባኝ ግን የበለጠ ይከፋኛል፤ ከክፉ ሰው ጋር ቢሆን ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር።

5. «ወንዙ ዳር ሞት የሚጠብቁ ሰዎች መጠለያ አለ፤ እዚያ ውሰደው» ይሉኛል። አባቴ ግን የማያውቀው ሰው ሲያጣጥር እየሰማ መሞት ይፈራል። ይህንን የነገረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ሀገር ቤት እንዳልወስደው ቤታችን በመሬት መንቀጥቀጡ ፈርሷል፤ መንገዱንም አይችለውም። ክፍሉን ስከራይ ስለ ውሃው፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ በር መዝጊያው ተነጋግረናል። ስለ ሞት የተነጋገርነው የለም። ሕጉ ምን እንደሚል አላውቅም። በዚህ ከተማ ቤት ከሌለው ሰው ሁሉ ኪራይ ሲቀበሉ፣ ያ ሰው የት ይሞታል ብሎ የጠየቀ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ።

6. ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። የአሥራ ሦስቱን ቀን ሐዘን በዚያ ቤት ልቀመጥ አልልም፤ እንደ ሐዘን ደንባችን ነጭ ለብሼ፣ የራሴን ሩዝ ቀቅዬ፣ ለሐዘንተኞች በተሠራው አዳራሽ እቀመጣለሁ። ሬሳውንም ሳላሳድር ወደሚቃጠልበት ወንዝ ዳር አወርዳለሁ፤ ቤቱን የሚያነጻ ካህንም እኔው አመጣለሁ። አባቴ ብቻ በለመደው አልጋ፣ ምራቱ ጋንጋ እጁን ይዛው እንዲያርፍ ወይዘሮ ናኒሾቫን ጠርተው እንዲያነጋግሩልኝ እለምናለሁ። የእርስዎን ቃል ይሰማሉ።

ይህንን ጽፌ ልፈርም ስል ባለቤቴ ጠራችኝ። አባቴ ከግድግዳው ወዲያ የምንነጋገረውን ሁሉ ሲሰማ ኖሯል። በራሱ ጉልበት ተነሥቶ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ያበጠ እግሩን እንደምንም ጫማ ውስጥ አስገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ቤት አትጡ። በእግሬ ልውጣላቸው» ይላል። «ጫማህን አውልቅ» ስለው እምቢ አለኝ፤ «ማን ፈቀደ?» ይለኛል። ክቡር ሆይ፣ ሄጄ የምነግረው አንድ ቃል ይስጡኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር
ሎክናት ዱንጋና
(ፊርማ)