በእኔ ካርድ የታመመች ሴት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 4፡30

ከጤና ጣቢያ መመለሴ ነው። ደብተሬ፣ ሻርፔን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ። የደም ግፊቴ ደህና። ካርዴ ግን ደህና አይደለም።

ወጣቱ ሐኪም ገለጠና፣ እማማ ስኳሩስ እንዴት ነው አለኝ። ጣሳው ውስጥ ነው፣ ከሻዩ አጠገብ አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ገጹን አሳየኝ። ነሐሴ አንድ ጊዜ፣ መስከረም አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት አንድ ጊዜ። የስኳር ምርመራ፣ የስኳር ክኒን፤ ሁሉም በስሜ። ረስተው ይሆናል አለ። እኔ? ካርድ ክፍል ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁት?

የባሰውን ስሚ። «የማይስማማት መድኃኒት የለም» ተብሎ ተጽፏል። በወጣትነቴ በፔኒሲሊን መርፌ ልሞት ነበር። ጉሮሮዬ ሲዘጋ ዛሬም ይሰማኛል። ዓይኔ እያየ በቀይ አስጻፍኩት። የስኳሩንም ክኒን አሰረዝኩ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት

ደስታዬ አላደረም። በካርዴ የታከመችው ማናት?

የጤና መድን ደብተሬ ከሳጥን የሚወጣው በወር አንዴ ነው። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ የግፊት ክኒኔን የምታመጣልኝ ጎረቤቴ አበበች ናት። የቡሌ አገር ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት ያልሞላት። እሷ? አይሆንም።

ጠዋት ሄጄ ካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ደብተር ትቀበላለች፣ ስሙን ራሷ ታነባለች፣ እገሊት ነዎት? ትላለች። ሁሉም አዎ ይላል። በእኛ ጊዜ ስም አንነግርም፣ እንጠይቃለን። ማን ይባላሉ? እስከ አያት። ዕድሜ፣ ቀበሌ። ከዚያ ፎቶውን ማየት፣ ፊቱን ማየት። አለቃችን ይህን አንድ ቀን ብንዘል አያሳድሩንም ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

እሷው ናት።

ሳልጠይቃት መጣች። ትናንት እንደ ወትሮው የእኔን ክኒን ልታመጣ ሄዳ፣ የስኳሩ ተሰርዟል ብለዋት። የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

መጀመሪያ ማታለል አልነበረም ትላለች። በእኔ ስም፣ እልፍነሽ ነዎት? ሲሏት፣ ስለ ደብተሩ የጠየቁ መስሏት አቤት አለች። ሲስተሯ እጇን ይዛ አስገባቻት። ሲመረምሯት ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። የራሷን መድን ሳታሳድስ የምዝገባው ጊዜ አልፏታል። ስለዚህ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም አቤት አለች።

«እትዬ፣ ምዝገባው እስኪከፈት ዝም በሉልኝ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይቆጡኛላ!»

አሁንስ ምን እያደረግኩ ነው አልኳት። ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። የቀራት ክኒን የአራት ቀን ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቅዳሴ በኋላ

ሁለት ቀን ተናድጄ ዋልኩ። በእሷ አይደለም።

በሌላ ሰው ደብተር የመጣውን ስንቱን ከመስኮት መልሻለሁ። አንዷ ልጅ አዝላ ነበር የመጣችው፤ መለስኳት። የራሴን ደብተር ግን ጉልበቴ ሲብስ በሰው እጅ ላክሁ። ወር በወር። ደግ ጎረቤት አለኝ ብዬ።

ዝም ብል ምን ይሆናል? እኔ ራሴን ስቼ ብወድቅ፣ ስኳር አለባት ብለው የሌለብኝን ሊያክሙ ነው። እሷ ብትወድቅ ባዶ ካርድ ይገለጥላታል። በሽታዋ እኔ ጋ ተመዝግቦ እሷ ጤነኛ ተብላ ትሞታለች። ማክሰኞ ያሰረዝኩት የእሷን መድኃኒት ነው። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ብናገርስ? ይቀጧት ይሆናል። የእኔንም መድን ያግዱ ይሆናል። አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጠዋት 2፡10

ወሰንኩ። አብረን እንሄዳለን። ክኒኗ የዛሬ ብቻ ነው የቀራት።

ለካርድ ክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ ከእኔ ቤት ነው የወጣው። በእሷ ስም ካርድ ይከፈትላት፣ የስኳሩ ወረቀት ወደሷ ይዛወር። ምዝገባው እስኪደርስ ምን እንደሚደረግላት ቆሜ እጠይቃለሁ። ሳይመልሱልኝ አልቀመጥም። መስኮቱ ላይ ላለችውም ልጅ የስም አጠያየቁን አሳያታለሁ፤ በትሕትና፣ ከቻልኩ።

ከዛሬ ጀምሮ የመድን ደብተሬ ከእጄ አይወጣም። ጉልበቴ እንደፈለገ ይሁን።

አበበች ደርሳለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። እዚያ ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ ስትታከም ስሟን አንድ ጊዜ አልተናገረችም። አሁን እንድትለማመድ አዝዣታለሁ። አበበች በራሶ ጅግሶ። በመስኮቱ ይሰማኛል፤ እንደሚሰርቅ ሰው ነው የምትለው። ልውጣ፣ ከፍ አድርጋ ደግማ ትበለው።