ቀለሙ ያልለቀቀው የቤት ጫማ

ፕራግ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1981

ሚላዳዬ፣ የእናትሽ ዓይን፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽን ሴት ታውቂያታለሽ። እንደ ልማዷ ቼሎዋን፣ ያን ሰው የሚያክል ቫዮሊን፣ ተሸክማ መጥታ ነበር፤ ነገ ወደ ቪየና ትመለሳለች። በፖስታ ቤት ብልክልሽ ኖሮ ከፍተው ስለሚያነቡት ስለ አየሩና ስለ ጎረቤታችን ስለ ወይዘሮ ኩባቶቫ ሪህ ብቻ ነበር የምጽፍልሽ። ሪሁ፣ ከጠየቅሽኝ፣ ጉልበቷን ያዘው እንጂ ምላሷን አልነካውም።

አስቀድሜ የሚያስቀውን ላጫውትሽ። ሠዓሊው ቲቦር ሥዕሉን ለሕዝብ እንዳያሳይ ከተከለከለ ወዲህ የሰው መስኮት ሲያጥብ ይውላል። እኔ ደግሞ ሰኞ ሰኞ አባትሽን ሊሰሙ ለሚመጡት ሁሉ ከአሮጌ ካፖርት የቤት ጫማ ሰፋሁላቸው። ያን ሁሉ ጭቃ ምንጣፌ ላይ ማን ይችለዋል? ቲቦር ጫማዎቹን ሲያይ፣ "እማማ ሊቡሼ፣ ይሄማ ያልተከለከለ ሸራ ነው!" ብሎ ተነሣ። በውሃ የሚበጠበጠውን ርካሽ ቀለሙን አምጥቶ በየጫማው አፍንጫ ላይ ሣለበት። ለአባትሽ የጥበብ ምልክት ነው ብሎ ጉጉት ወፍ፣ ለእኔ መቀስ (ምላሴን ማለቱ ነው፣ አልጠፋኝም)፣ ለአንቺው ራዶቫን ሰማያዊ ወፍ።

"በሉ፣ ኤግዚቢሽኔ ተከፍቷል" አለ። "መግቢያው በነፃ ነው፤ መውጫውን መንግሥት ያውቃል።"

ሳቅንለት። ምነው ባልሳቅን።

ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ሁሉም እንደ ወጉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ራዶቫን ብቻ ደጃፉ ላይ ቆሞ እፍር አለ።

"እማማ፣ የዛሬን ይለፉኝ። ካልሲዬ ተቀዶ አውራ ጣቴ ሕዝብ ፊት ሊወጣ ነው።"

"ሚላዳ ብትኖር ትጥፍልህ ነበር።"

"እሷ ብትኖርማ በባዶ እግሬም እሄድ ነበር" አለኝ። ጉንጩን ቆንጥጬ ከነቦት ጫማው አስገባሁት።

አባትሽ የዚያን ቀን የተናገረው ስለ ፍርሃት ነበር። "የጨቋኝ ትልቁ ሥራ ማሰር እንዳይመስላችሁ" አለ፤ "ትልቁ ሥራው እርስ በርስ ማጠራጠር ነው። አንዴ ከተጠራጠርን ፖሊሱ ደመወዙን ቁጭ ብሎ ይበላል፤ ሥራውን እኛው እንሠራለታለን።" ቲቦር "ታዲያ ፕሮፌሰር፣ ሥዕል የት ይገባል?" ብሎ ሲጠይቀው አባትሽ መልስ ሊሰጥ አፉን እንደከፈተ በሩ ተደበደበ።

ፖሊሶቹ የውጪ ጫማችንን እንድናጠልቅ እንኳ አልፈቀዱልንም። አለቃቸው አባትሽን ክንዱን ይዞ፣ "አንተ ፈላስፋ፣ ነፃነት አይደል የምታስተምረው? ና፣ በተግባር ላሳይህ" አለው። መኪና ላይ ጭነው ከከተማ አወጡንና ጫካ መሃል በረዶ ላይ ጣሉን። "ይኸው፣ እዚህ ማንም አይከለክላችሁም። እየተፈላሰፋችሁ ግቡ!"

በእግራችን ተመለስን። በረዶው የቤት ጫማችን ሱፍ ውስጥ ገብቶ ጉጉቱም መቀሱም ሟሙ፤ ከኋላችን ነጩ መንገድ ላይ ቀለም እየተንጠባጠበ ቀረ። አባትሽን ደግፎ ያመጣው ራዶቫን ነው። ካፖርቱን አውልቆ አልብሶታል። እግሩ ላይ ግን ያ ወፍራም ቦት ነበር።

አባትሽ ደህና ነው። ሆስፒታል የተኛው ለጥንቃቄ ብቻ ነው ይላሉ። በረዶ የበላቸውን ሁለት የእግር ጣቶቹን ሲቆርጡበት፣ "በእነሱ አስቤ አላውቅም" ብሎ ሐኪሙን አሳቀው። ትናንት ሾርባ ሳጎርሰው "ሚላዳ፣ በሩን ዝጊው፣ በረዶ እየገባ ነው" አለኝ። እንቅልፍ ተጫጭኖት ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ራዶቫን ፓስፖርት ተሰጠው። ስንት ዓመት በር ሲዘጉበት ኖረው በዚህ ሳምንት ጠርተው ሰጡት። ቪየና፣ አንቺ ዘንድ ሊመጣ ነው። ለመጋባት ቃል እንደተገባባችሁ አልረሳሁም፤ ስንት ሌሊት እንዳለቀስሽለትም አውቃለሁ።

የሆዴን ለአባትሽ ብነግረው ተቆጣኝ። "ሊቡሼ፣ የተቀደደ ካልሲ ወንጀል ከሆነ ፕራግን በሙሉ እሰሪ! ያን ልጅ ከጠረጠርሽው ያስተማርኩት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።" ለማንም ላልናገር ምዬለት ነበር። ይኸው እጽፍልሻለሁ።

እውነትም ያሳፈረው ጣቱ ብቻ ይሆናል። ግን በጨዋታችሁ መሃል፣ የአባትሽ ጽሑፎች በማን እጅ ድንበር እንደሚሻገሩ ይጠይቅሽ ይሆናል። የባለ ቼሎዋ ስም ከአፍሽ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ጉዞዋ ድንበር ላይ ነው የሚቀበሏት። ልጆች አሏት፣ ሚላዳ።

ትናንት ሊሰናበተኝ መጣ። ቦቱን ሳልነግረው አወለቀ፤ ካልሲው አዲስ ነበር። በር ሥር የተቀመጠውን የቤት ጫማውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁትና "ቤቷ ስትገባ አድርገው፤ እንግዳ እንዳትሆን" አልኩት። እጄን ስሞ አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ እንባ ነው።

ሲያንኳኳ ክፈችለት። ሾርባም ስጪው፣ መንገዱ ይበርደዋል። የቤት ጫማውን ሲያደርግ ግን ወደ እግሩ እዪ። የሁላችንም ጫማ አሁን የጭቃ ቀለም ብቻ ነው። የእሱ ወፍ አንድ ላባ አልጎደለባትም፤ ራሱም ልብ አላለውም። አይተሽ ምንም አትበይው። ስለ ቪየና ኬክ አውሪው፣ ስለ ዘፈን አውሪው፣ ከፈለግሽም ውደጂው። ስለ ባለ ቼሎዋ ግን አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ።

ቤትሽ ብርድ አይግባበት። በርሽን የሚያንኳኳ ሁሉ በበጎ ያንኳኳ። አባትሽ ይስምሻል፤ ሲነቃ እነግረዋለሁ።

እናትሽ ሊቡሼ

የአባትሽን ጫማ ምድጃው አጠገብ አስጥቼው ደርቋል። ቲቦር ጉጉቱን እንደገና ልሣልበት ብሎ ቀለሙን ይዞ መጥቶ ነበር። "ቆይ እስቲ፣ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ባለቤቱ ይነሣ" አልኩት።