አጉድዬ የተረጎምኩልሽ ኑዛዜ

እማዬ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽን እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የሄድሽው የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። አሁን ታኅሣሥ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ የጓሮውን ጎመን ሁሉ አጠውልጎታል። ይህን ደብዳቤ ከአንዴም ሦስቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የቤቱን ወሬ ጽፌ ጽፌ ዋናው ነገር ላይ ስደርስ እጄ ይያዛል። ዛሬ ሳልጨርሰው ላልነሣ ቁጭ ብያለሁ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ከተፈናቃዮች መጠለያው ወጥቼ ከገበያው በስተጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ጣሪያው አያፈስም፤ ብርዱ ግን ያው ነው፣ ያንቺን ጋቢ ደርቤ ነው የምተኛው። ሥራዬም ያው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው፤ የሰዉን ማመልከቻና አቤቱታ እተይባለሁ። እህቴ ትርንጎ አንኮበር ደኅና ናት። ያን ጊዜ አራስ ስለነበረች ልትደርስልሽ አልቻለችም፤ እስካሁን ስምሽ ሲነሣ ታለቅሳለች። ልጇ ግን ቆማ ሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ስታሯሩጥ ትውላለች። ሳቋ ቁርጥ ያንቺ ነው።

ትርንጎ የማታውቀው ነገር አለ። ከአንድ ቄስ በቀር ለማንም አልነገርኩትም። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ ብዬ እፈራለሁ።

ይህን ወረቀት ሌላ ሰው ቢያነበው ማን እንደነበርሽ እንዲያውቅ ልጻፈው። አንቺ የወለጋ ልጅ ነሽ። አባቴ ደግሞ፣ አባቱ ከአንኮበር ተነሥቶ እዚያ የሰፈረ ገበሬ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ቋንቋ ይነገር ነበር። ከአባቴ ጋር በአማርኛ ትጫወቻለሽ፤ እኛን ስትቆጪና ስታባብዪ ግን በኦሮምኛ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ያ ክፉ ጊዜ መጣና ወገኖቹ ሁሉ አገር ጥለው ወጡ። አንቺን ማንም ውጪ አላለሽም። እህትሽ በሯን ከፍታ ለምናሽ ነበር። አንቺ ግን ልጆቼ ከሄዱበት እሄዳለሁ ብለሽ፣ አንዲት ጆንያ በጀርባሽ አዝለሽ ከእኛ ጋር እዚህ ብርድ አገር መጣሽ።

መጠለያው ከገባን ወር ሳይሞላ፣ ውሃ ወረፋ ላይ ቆመሽ ሳለ እህትሽ ደወለችልሽ። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በቋንቋሽ አወራሻት፤ ሳቅሽም። አንድ ጎልማሳ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ሴትዮ፣ ያን ቋንቋ እዚህ አታሰሚን» አለሽ። ሰውየውን አልፈርድበትም፤ ሁለት ወንድሞቹን ቀብሮ የመጣ ሰው ነበር። የምፈርደው በራሴ ላይ ነው። ልጅሽ ሆኜ አጠገብሽ መቆም ሲገባኝ፣ ድንኳን ስንገባ ምን አልኩሽ? «እማዬ፣ ከእንግዲህ በዚያ ቋንቋ አታውሪ። እኛንም ታስጠይኚናለሽ።»  ከዚያን ቀን ወዲህ እህትሽ ስትደውል ስልኩን ገልብጠሽ ታስቀምጪው ጀመርሽ።

በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ ከተኛሽበት ብድግ ስትዪ ወደቅሽ። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስንሽ። ሐኪሙ ጭንቅላትሽ ውስጥ ደም መፍሰሱን ነገረኝ። ቀኝ ጎንሽ አልታዘዝ አለ። አፍሽን ስትከፍቺ ደግሞ አማርኛሽ የለም። የቀረልሽ የልጅነት ቋንቋሽ ነበር፤ እሱም የተቆራረጠ። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲታመም አንዱ ሊጠፋና ሌላው ሊቀር እንደሚችል ኋላ ነው የሰማሁት።

ክፍሉ ስምንት አልጋ ነበረው። በየአልጋው ግርጌ አስታማሚ ተቀምጧል፤ ከመጠለያችን የመጡም ነበሩበት። አንቺ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር የሁሉም ዐይን ወደኛ የዞረ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ሲስተር መቅደስ፣ የክፍሉ ነርስ፣ ወተት በማንኪያ እንዳጠጣሽ ነገረችኝ። አመጣሁ። ከንፈርሽን ገጥመሽ ፊትሽን አዞርሽ። «ሶማ» አልሽ። ጾም ማለትሽ ነበር። ቄስ ጥሩልኝም አልሽ። ሁሉንም ሰማሁሽ፣ እማዬ። ሕመምተኛ ከጾም የሚፈታው ነፍስ አባቱ ሲፈቅድለት እንደሆነ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ሲስተር መቅደስ ግን «እማማ ምን እያሉ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ዙሪያውን አየሁና «እኔ እንጃ። እየቃዠች መሰለኝ» አልኳት።

ይህቺን ቃል ካርድሽ ላይ ጻፏት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው። አእምሮሽ እንደሳተ ሰው ቆጠሩሽ። መርፌ ሲወጉሽ ለምን እንደሆነ የሚነግርሽ ጠፋ። ሐኪሙ አልጋሽ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ብዙም ተስፋ እንደሌለሽ ለኔ ነገረኝ። በአፍንጫሽ ቱቦ አስገብተው ወተቱን በዚያ ሊሰጡሽ ሲሉ በደኅናው በግራ እጅሽ ነቀልሽው። መልሰው ሲያስገቡት ደግመሽ ነቀልሽ። ያን ጊዜ ግራ እጅሽን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ለጤናዋ ነው አሉኝ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ቀኝሽ ስለማይነሣ የምታማትቢው በዚያች በግራሽ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጣቶችሽ ፋሻው ውስጥ ሆነው መስቀል ሊሠሩ ሲሞክሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

የደረሰችልሽ እትዬ ዘነበች ናት፣ ክፍሉን የምታጸዳው ሴት። ከደነባ በታች ያደገች ናትና ቋንቋሽን ታውቃለች። አልጋሽ ሥር እየወለወለች ሳለ «ሶማ» ስትዪ ሰማችሽ። ቀና አለችና በቋንቋሽ መለሰችልሽ። እማዬ፣ ያን ጊዜ ፊትሽ ላይ ያየሁትን እፎይታ እኔ ልሰጥሽ ይገባኝ ነበር። መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ አጠገብሽ ተቀመጠች፤ የተቆራረጠውን ቃልሽን እየቀጣጠለች እስክትጨርሺ ሰማችሽ። ከዚያ ሲስተር መቅደስን ጠርታ፣ «እኚህ እናት አልቃዡም። ጾም ነው፣ ቄስ ሳይፈቅድልኝ ወተት አልቀምስም ነው የሚሉት» አለቻት። ወደኔም ዞረች። «አንተ ምናቸው ነህ?» አለችኝ። ልጃቸው ነኝ አልኳት። «ታዲያ በምን ቋንቋ ነው ያሳደጉህ?» አለችኝ።

ሲስተር መቅደስ ፋሻውን በጥርሷ ቀድዳ ነው የፈታችው። እጅሽን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችሽ። እኔን ሳታየኝ አልፋኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መምሬ ተክሌ ከሆስፒታሉ ቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን መጡ። አንደኛ ነገር ጾሙን ፈቱልሽ፤ ለታመመ ሰው ወተቱ መድኃኒት ነውና ጠጪ አሉሽ። ሁለተኛ ኑዛዜሽን ሊቀበሉ ተቀመጡ፤ ኦሮምኛ ግን አያውቁም። እትዬ ዘነበች «ምስጢራቸው ከልጃቸው አይለፍ» ብላ ወጣች። መምሬም፣ «እኔን ያሰረኝ ቃል አንተንም ያስርሃል። ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ» አሉኝ።

የተናገርሽውን አልጽፈውም። አንዷን ብቻ፣ የኔን ጥፋት ያዘለችውን፣ እጽፋለሁ። ሰው ፈርቼ የእናቴን አፍ፣ ቋንቋዋን፣ ካድኩ አልሽ። እህቴ ስትጣራ ዝም አልኳት፣ ይህ ኃጢአት ይፈታልኝ አልሽ። «ልጄ ከልክሎኝ ነው» አላልሽም። የኔን ጥፋት በራስሽ ላይ ቆጥረሽ ነበር የያዝሽው።

መምሬ ጆሯቸውን ሰጥተው ይጠብቁኛል። ከጎን ያለው አስታማሚም የሚሰማ መሰለኝ። እኔም፣ «ከእህቴ ጋር ተቀያይሜ ነበር ትላለች» አልኩ። ይኸው ነው፣ እማዬ። ቀን ሙሉ የማላውቀውን ሰው አቤቱታ አንዲት ፊደል ሳላጓድል የምተይብ ሰው፣ የእናቴን የመጨረሻ ቃል አጓደልኩ።

መምሬ ፈቱሽ። አንቺ ግን እኔን ነበር የምታዪው። አማርኛ መናገር አቃተሽ እንጂ መስማት እንዳላቃተሽ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ የመምሬን «ጠጪ» ያለ አስተርጓሚ ሰምተሽ አፍሽን ከፍተሻላ። እኔ ያልኩትንም ሰምተሻል ማለት ነው። ሐኪሙ ተስፋ የላትም ያለውንም ሰምተሽ ነበር። ከኔ ላይ ዐይንሽን ሳትነቅዪ ቆይተሽ «ኢልማ ኮ» አልሽኝ፣ ልጄ ማለት ነው። ይቅር ማለትሽ ይሁን ማዘንሽ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከወተቱ ሦስት ማንኪያ ጠጣሽ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሄድሽ።

አንኮበር፣ ከአባቴ ዘመዶች መሐል ቀበርንሽ። አርባሽ ካለፈ በኋላ ወደ መምሬ ተክሌ ሄጄ ቆሜ እያለቀስኩ የሸሸግኩትን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያም «እሷ የተናዘዘችው ለእግዚአብሔር ነው፤ እሱ አስተርጓሚ አይሻም። ሳልሰማ የቀረሁት እኔ ነኝ። አሁን ልስማ፣ መጀመሪያ እሷ እንዳለችው በራሷ ቋንቋ በለው» አሉኝ። በቋንቋሽ አልኩት። ከዚያ ወዲያ በአማርኛ። ድምፄን ዝቅ ሳደርግ፣ ከፍ አድርገው አሉኝ። ቀኖናዬም ይህ ሆነ፦ ለአንድ ዓመት በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል እየሄድኩ፣ የሚናገሩትን የሚሰማላቸው ላጡ እንዳስተረጉም።

መጀመሪያ የገጠሙኝ ከከሚሴ ወገን የመጡ፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። ሆዳቸው ተቀድዶ ነበርና ውሃ እንዳይነካቸው ተከልክለዋል። አፈር አምጡልኝ ይላሉ። አፈር ምን ያደርጋል ብዬ፣ «እየቃዡ ነው» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰች። ዋጥኳትና ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ውሃ ሲከለከል ለሶላት በንጹሕ አፈር ወይም በድንጋይ እንደሚታበስ አስረዱኝ። ሲስተር መቅደስ አፈሩን ለቁስሉ ብትፈራውም ለስላሳ ድንጋይ አጥባ በሳህን አቀረበችላቸው፤ አልጋቸውንም ወደሚሰግዱበት አቅጣጫ፣ ወደ ቂብላ አዞርንላቸው። ሲጨርሱ መረቁኝ፤ «ይህን ቋንቋ ያስተማረችህን እናት አላህ ይዘንላት» አሉ።  ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ዛሬ በዚያ ክፍል አዲስ በሽተኛ ሲገባ ሲስተር መቅደስ የምትሞላው ወረቀት አለ። እኔ ነኝ የተየብኩት። በምን ቋንቋ እናናግርዎ፣ የያዙት ጾም አለ ወይ፣ ማንን እንጥራልዎ ይላል። ትንሽ ነገር ነው። አንቺ ስትገቢ ቢኖር ኖሮ እንኳ፣ እኔ በውሸት እሞላው እንደነበር አውቃለሁና አልኮራበትም። የዓመቱ ቀኖናዬ አልቋል። መሄዱን አልተውኩም፤ ሐፍረቱም አልተወኝም፤ ይተወኝም ብዬ አልጸልይም።

አንድ የቀረኝ አለ። መጠለያው የገባን ዕለት መዝጋቢው የእናትህ ስም ማን ነው ሲለኝ፣ አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ሳለ «ፀሐይ» አልኩት። ሆስፒታሉ ካርድ ላይ ፀሐይ ተባልሽ። መቃብርሽ ላይ ያለው ሲሚንቶም ፀሐይ ይላል፤ ትርንጎ ምነው ብላ አየችኝ፣ ፊቴን አዞርኩ። የገና በዓል እንዳለፈ አንኮበር እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ ለእህቴ አነብላታለሁ፣ ሲሚንቶውን አስፈርሼ ስምሽን አስጽፋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ የማን ልጅ ነህ ለሚለኝ ሁሉ፣ ወረፋ ላይም ብሆን ገበያ መሐል፣ ድምፄን ሳልቀንስ አባትሽ ባወጣልሽ ስም እጠራሻለሁ። ስምሽ በኔ እጅ በትክክል የተጻፈበት የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ይሁን።

ልጅሽ፣
የጫልቱ ልጅ