ሃምሳ ስምንተኛው ምዕራፍ የት ገባ?

ይድረስ በሰማራንግ ከተማ፣ በልጅዎ በረትኖ ቤት ለሚገኙት ለተከበሩ አማቴ፤

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ? ደም ግፊትዎስ? የረትኖ ቤት ደረጃ ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ከሁሉ በፊት የጉልበትዎ ነገር ያሳስበኛል። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ልጅዎ ባስኮሮም ደህና ነው፤ እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ግን እኔ የሠራሁትን የቃሪያ ዳጣ፣ ሳምባሉን፣ በቀመሰ ቁጥር ማንኪያውን አስቀምጦ መስኮት መስኮቱን ያያል። «ምነው፣ ቃሪያው በዛ?» ስለው «የለም፣ ጥሩ ነው» ይለኛል። ውሸታም መሆኑን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ደብዳቤ መጻፌ ስልክ ስለማያነሱልኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር ረትኖ «እናቴ ሶላት ላይ ናት» ትለኛለች። ባለፈው ማክሰኞ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ሶላት ላይ ነበሩ። በቀን ዘጠኝ ጊዜ የሚሰገደው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ! ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልታረቅ ብዬ ጀምሬ ገና ከመግቢያው ልጣላ ነው፤ ይህን አመሌን ያውቁታል።

እንግዲህ ጉዱን ከሥሩ ልናገረው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ስልኬ ላይ ተከታታይ ልቦለድ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማንም በስልኩ ከፍቶ በነጻ የሚያነበው ነው። ስሜንም ደብቄ «የማለዳ ጠል» ነበር የምባለው። እርስዎ «ይቺ ልጅ ስልኳን ምን ትነካካለች?» ሲሉ «የኬክ አሠራር እያየሁ ነው» እልዎት ነበር። በሦስት ዓመት አንድ ኬክ አለመጋገሬን አይተው ዝም ማለትዎ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ታሪኩ የአንዲት ሙሽራና የክፉ አማቷ ነው። ከአርባ ሺህ አንባቢ መካከል ደግሞ «መላቲ 63» የሚሉት አንድ ጉድ ነበር። ሌላው አንባቢ አበባና ልብ ልኮልኝ ያልፋል፤ መላቲ 63 ግን ምዕራፉ በወጣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከተፍ ብሎ ይሳደባል። «አሮጊቷን ምን ትለማመጫታለሽ? ጨው ጨምሪባት!» ይለኛል። እኔም እጨምራለሁ። እና ምን ላድርግ? አንባቢ አዛዥ፣ ጸሐፊ ታዛዥ ነው።

በኋላ አንድ የጃካርታ አሳታሚ ታሪኩን ወሰደው፤ መጽሐፍ ሆኖ ታትሞ የመጣ ዕለት ካርቶኑን የከፈቱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አንዱን አንስተው ገለበጡት። በጀርባው የእኔ ፎቶ፣ «አንባቢ ፊትሽን ማየት ይፈልጋል» ብለው አሳታሚዎቹ ያስነሱኝ። ከፎቶው ሥር ደግሞ ከአንባቢ አስተያየት መርጠው ያተሙት፦ «ይቺን አማት ኩሬ ውስጥ ካልከተትሻት ራሴ መጥቼ እገፈትራታለሁ! መላቲ 63።» ይኼኔ «ውይ! ይሄ እኮ የኔ ነው!» ብለው ጮኹ። ወዲያው አፍዎን በእጅዎ ያዙ፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እኔ የባስኮሮን እርጥብ ሱሪ ታቅፌ ክው ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ሁለት ቀን ሳያናግሩኝ አነበቡ። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻውን ገጽ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ፣ ማውጫውን በጣትዎ እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አዩ። ከዚያ ሻንጣዎን ይዘው በአሥር ሰዓቱ አውቶብስ ሄዱ። ጎረቤታችን ንጋቲኒ በአጥር ብቅ ብላ «በመጽሐፍ አሰደብሻቸው አሉ፣ እሰይ የኔ አንበሳ! የኔንም አማት ጻፊልኝ» አለችኝ። አፈር ልብላ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

እኔም የመሰለኝ እሱ ነበር፤ ክፉዋን አማት እርስዎን አስመስዬ ስለጻፍኩ የተቀየሙኝ። ስለዚህ በልቤ ስከራከርዎ ሰነበትኩ። የዘይቱ ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ የእርስዎ ነው፤ አልክድም፣ አሁንም ምልክቱ ጠርሙሱ ላይ አለ። የሙሽራይቱን ወርቅ ሩዝ ከረጢት ውስጥ መደበቁ ግን «የኔዋ አማት እንዲህ አድርጋኛለች፣ ጻፊው!» ብለው ራስዎ የላኩልኝ ነው። የዓሣ ኩሬውም የእርስዎ ትዕዛዝ ነው። ሴትዮዋ ከነነጠላ ጫማዋ ስትሰምጥ፣ ዓሦቹ ቀሚሷ ውስጥ ሲገቡ፣ «አሁን ልቤ ቅቤ ጠጣ» ብለው የጻፉት እርስዎ! እኔማ መጀመሪያ ትንሽ ነጭናጫ ብቻ ነበር ያደረግኳት። በይ በይ ያለኝ ማን ሆነና!

እንዲህ እያልኩ ስከራከር የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ከአሳታሚው ጋር ያለኝ ውል ከሃያኛው ምዕራፍ ወዲያ ያለውን በሙሉ ከስልኩ አጥፊ ይላል፤ በነጻ የሚነበብ ነገር ማን ይገዛል? አንድ ምዕራፍ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው የአንባቢ አስተያየትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እያነበብኩ ማጥፋት ጀመርኩ። በእርስዎ ስድብ ስስቅ እምባዬ መጣ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃምሳ ስምንተኛው ላይ ደረስኩ።

ያስታውሱታል። ሙሽራይቱ በዴንጊ ትኩሳት ስትወድቅ ክፉዋ አማቷ ስድስት ቀን ከአጠገቧ ሳትነሳ አስታማ፣ በሰባተኛው ቀን ላብ ያጣበቀውን ፀጉሯን በሞቀ ውሃ ታጥብላታለች። ምንም አይነጋገሩም። ያን ምዕራፍ ከራሴ አላመጣሁትም፤ ቤትዎ በገባሁ በዓመቴ በእኔ ላይ የሆነ ነው። እርስዎ፣ እኔና የመታጠቢያው ሳፋ ብቻ ነን የምናውቀው፤ ለባስኮሮ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ከምዕራፉ ሥር መላቲ 63 እንደ ልማዱ አልተሳደበም። አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ውሃው ጠጅ ሣር ነበረበት። እሱን ረስተሽዋል።»

ያኔ በአስተያየቱ ብዛት ሳላየው አልፌዋለሁ፤ አሁን ቀኑን ሦስት ጊዜ አየሁት። ይህን የጻፉት መጽሐፉ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። «ኩሬ ውስጥ ክተቻት» ያሉኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጸሐፊዋ እኔ መሆኔን እያወቁ። ስለዚህ ነገር አልጠይቅዎትም። ሆድ ይፍጀው።

ስልኩን አስቀምጬ መጽሐፉን ከፈትኩ። ሃምሳ ሰባት አለ። ቀጥሎ ያለው ሃምሳ ዘጠኝ ነው፤ ቁጥሩን አስተካክለውት ሃምሳ ስምንት ተብሏል። የጠርሙሱ ምልክት አለ፣ ወርቁ አለ፣ ኩሬው አለ። ሳፋው የለም። ማውጫው ላይ ጣትዎ ምን ሲፈልግ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። ጃካርታ ያለችው አርታኢዬ ሜይታ ከአራት ወር በፊት ደውላ «ገጹ በዝቷል፣ ዘጠኝ ገጽ ይውጣ። አንባቢ ይቺን ሴትዮ መጥላት ነው የሚወደው፤ ደግ ካደረግሻት ሾርባው ይቀዘቅዛል» ብላኝ ነበር። እኔም ስሜ ሽፋን ላይ ሊወጣ ነው ብዬ ልቤ ጮቤ እየረገጠ «እሺ» አልኳት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የእርስዎን ስድስት ቀን በሁለት ደቂቃ ሸጥኩት። ከመጽሐፉ ጀርባ ደግሞ ሁለት ገጽ ምስጋና አለ፤ ሜይታን አመስግኛለሁ፣ ባስኮሮን አመስግኛለሁ፣ የንጋቲኒን ድመት ሳይቀር አመስግኛለሁ። እርስዎን አላመሰገንኩም። አፈርኩ፣ እናቴ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ሜይታ ጋ ደወልኩ። ሃምሳ ስምንትን ከስልኩ እንዳላጠፋሁት ነገርኳት፤ «ውል አፍርሰሻል!» ብላ ጮኸች። ምዕራፉ በሁለተኛው እትም ካልገባ ሁለተኛውን መጽሐፍ አልጽፍም አልኳት። «አማት ደግ ሆነች ብሎ መጽሐፍ የሚገዛ ማን አለ?» አለችኝ። አንዲት ሴት ሰማራንግ ውስጥ አለች አልኳት። ከዚያ «የኔም አማት ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው» አለችና አፍንጫዋን ነፋች። ቢሆንም ነጋዴ ነጋዴ ነው፤ በምትኩ ዘጠኝ ገጽ ካላወጣሽ አለችኝ። ሁለት ገጽ ምስጋናዬን ሰጠኋት። ሰባቱ ይቀራል። የትኛው ይውጣ በሚለው ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ምላስ ይሻላል፤ እኔ አሁን አሁን የራሴን ክፋትና የእርስዎን መለየት አቅቶኛል።

ሌላም ነገር አለ። እርስዎ ከሄዱ ወዲህ ለሁለተኛው መጽሐፍ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሐሙስ ይመጣል፣ እቀመጣለሁ፣ የሚሰድበኝ የለም። ጨው የሌለው ወጥ ሆኖብኛል። ደግሞም ቤቱ ጭር ብሏል፤ ናፍቀውኛል።

ስለዚህ የሁለተኛውን መጽሐፍ ውል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሜይታን ለምኜ የደራሲ መፈረሚያውን ሁለት አስደርጌዋለሁ። እኔ ፈርሜያለሁ። ልጅ ከእናቷ በላይ አትፈርምምና ከታች ነው የፈረምኩት። የላይኛው መስመር ባዶ ነው። በፖስታ አይላኩት፤ ይጠፋል። ይዘውት ይምጡ።

አላህ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ምላስዎን ከነስለቱ ያቆይልን። ረትኖንና ልጆቿን ይሳሙልኝ።

ከታችኛው መስመር፣
ምራትዎ