ምርጫው ውስጥ ያልነበረው መልስ

ለተከበሩ የኮሌጃችን ዲን
ከሚሴ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ሰላምና የአዲሱ የተማሪ ማደሪያዎ ቀለም እንደምን ሰንብተዋል? አላህ ሦስቱንም ከክፉ ይጠብቅልን፤ በተለይ ሦስተኛውን፣ ክረምቱ ደርሷልና።

እኔ ኑርሁሴን ከሰንበቴ እስከ ከሚሴ ሃያ ሰባት ዓመት የውሃ ጉድጓድና የቤት መሠረት ስቆፍር የኖርሁ ሰው ነኝ። ካቻምና ጥቅምት ላይ ኮሌጅዎ፣ በሥራ የተማረ ሰው ተፈትኖ ካለፈ ልምዱ እንደ ኮርስ ተቆጥሮለት ዲፕሎማውን በአጭሩ ይይዛል የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ከደስታዬ ብዛት ለምዝገባ የሮጥሁት ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ ነበር። ለዚህ ክብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን ወሰን ስላለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የልምድ ማስረጃ አምጣ በተባልሁ ጊዜ የቆፈርኋቸውን የስድሳ አንድ ጉድጓዶች ዝርዝር ባቀርብ፣ ማህተም የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ። እውነት ነው፤ ጉድጓድ የሚሰጠው ውሃ እንጂ ማህተም አይደለም። በዚህም ምክንያት አሥራ አንዱንም ኮርስ ተፈትኜ አሥሩን አለፍሁ።

ሁለተኛ፣ የወደቅሁበት አሥራ አንደኛው የአፈርና የመሠረት ሥራ ነው። የተግባር ፈተናው ከግቢው ጀርባ፣ ወንዙ ዳር፣ በኖራ በተሰመረ ቦታ ላይ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ለባለ ሦስት ፎቅ ማደሪያ የሚበቃውን የመሠረት ጥልቀት ከአራት ምርጫዎች መምረጥ ነበር። እስከ ጉልበቴ ጥቁር አፈር፣ ከዚያ በታች ድብልብል የወንዝ ጠጠር አገኘሁ፤ ደረቴ ድረስ ስገባ ደግሞ ከጠጠሩ መሀል አንድ እግር የልጅ ኮንጎ ጫማ ወጣ። ድንጋይን የሚያድበለብለው ውሃ ነው፤ ኮንጎ ጫማም የቅድመ አያቶቻችን ሳይሆን የእኔ ዘመን ጫማ ነው። ወንዙ ያንን ሁሉ ጠጠር ተሸክሞ በዚያ ያለፈው በዕድሜዬ ነው ማለት ነው። ስለዚህ አራቱንም ምርጫ ትቼ ከሥር በእጄ “እዚህ ቤት አይሠራም፤ ወንዙ ይመለሳል” ብዬ ጻፍሁ። ዜሮ ተሰጠኝ። ፈታኙም በቀይ እስክሪብቶ “መልሱ ምርጫው ውስጥ የለም” ብለው ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ቦታው የተሰመረው ለፈተና ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴን ይቅር ይበሉኝ። ጉድጓዴ ሳይደፈን ሲሚንቶ ተራገፈ፤ ፈተናው ላይ “ሐ. ሁለት ሜትር” የተባለው ትክክለኛ መልስም ሕንፃ ሆኖ ቆመ። ፈተና የሚያወጣ ኮሌጅ ብዙ አይቻለሁ፤ በመልሱ ውስጥ ሰው የሚያስተኛ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እትዬ መሪየም ሰማንያን የዘለሉ ናቸው። ግንቡ ሲወጣ እያዩ “ቢሻን ከራ ኢሳ ሂን ደገቱ፤ ውሃ መንገዱን አይረሳም፣ ልጄ” ብለውኝ ነበር፤ እሳቸውም እንደኔ ያለ ማህተም ነው የሚናገሩት። ጫማውን ባሳየኋቸው ጊዜ ከእጄ ወስደው በሻርፓቸው ጠቀለሉት። የማን እንደሆነ ብጠይቃቸው ጥቅሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለሚገቡት የክረምት ተማሪዎች አልጋ ሲደለደል፣ ለልጄ ለዓፊያ ምድር ቤት፣ ክፍል ሦስት፣ በወንዙ በኩል ያለው የታችኛው አልጋ ደርሷታል። ትዛወርልኝ ብዬ ባመለክት፣ ቅጹ ላይ ያሉት ምክንያቶች ሕመም፣ እርግዝናና ጠብ ብቻ ሆኑ፤ የእኔ ምክንያት ዛሬም ምርጫው ውስጥ የለም። ግቢ ያላደረች ተማሪ ትሰረዛለች ስለተባለ ላስቀራት አልቻልሁም፤ እሷም ብትሆን ከአባቷ ይልቅ ቀዩን እስክሪብቶ ታምናለች። ክቡር ዲን፣ እፈራለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ስገባ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስለዚህ ነጥቤ ይስተካከልልኝ ብዬ አልለምንም። በየሰላቱ ዱዓ የማደርገው ዜሮዬ ትክክል እንዲሆን፣ ፈታኙ አዋቂ እንዲሆኑ፣ እኔም መሃይም ሆኜ እንድቀር ነው። ልጄን ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ቢቻል ሁሉንም ልጆች ወደ ሌላ ሕንፃ ካዛወሩልኝ፣ አሥሩንም ያለፍሁባቸውን ኮርሶች መልሼ አስረክባለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከማያቋርጥ ዱዓ ጋር፣
በአሥሩ ያለፈው፣ በአሥራ አንደኛው ግን እንደወደቀ እንዲቀር የሚመኘው ተፈታኝዎ፣
ኑርሁሴን፣ ጉድጓድ ቆፋሪው
ሰኔ 26

ማስታወሻ፦ ትናንት ከሚሴ ጠብታ ሳይጥል ወንዙ ደፍርሶ ወርዷል፤ ደጋው ዘንቦ ነው። ለዓፊያ ማደሪያው ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ እንድትተኛ ነግሬአታለሁ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ቆፋሪ እዚያው ጠጠር ውስጥ አንድ እግር ጫማ አግኝቶ ዜሮ እንዳይሰጠው ብዬ ነው።